ጉልማን ያንኳኳች ጣት

ውኃውን ያለ ሐፍረት የምትጠጡ፣ እንስራውን የሠራውን እጅ ግን የምትጸየፉ ሰዎች ሆይ፣ ጉሮሯችሁን አይቆረቁራችሁም?

በአርዛን መንግሥት ሹማምንቱ እንዲህ ነበሩ። አንድ ማለዳ ፀሐይ ጥቁር አክሊል ደፍታ ወጣች። የጥንት ጠንቋዮች ከሸክላ ያበጁት፣ ጉልማ የተባለው ግዙፍ ፍጡር ነቅቶ በአገሪቱ ብቸኛ ምንጭ ላይ ተቀመጠ። የንጉሡ ጦረኞች ቢወጉት ጦራቸው እንደ ገለባ ተሰባበረ።

ያኔ ሲምራ የተባለች ወጣት ሸክላ ሠሪና ቀራጺ ተነሣች። «ምንጩን ሳላስለቅቅ ብመለስ እሳቴ ይጥፋ» ብላ ማለች። የተከተላት ዶልጋ የተባለ አንድ ጦረኛ ብቻ ነበር።

«መሣሪያ የለሽም እኮ» አላት፣ ወደ ምንጩ የሚወስደውን የአመድ በረሃ ሲያቋርጡ።

«አንተ ጦር ይዘህ ምን ጠቀመህ?»

«እሱን ጥዬ ስሮጥ ቀለለኝ።»

ጉልማን አንቀላፍቶ አገኙት። ሲምራ ጀርባው ላይ ወጥታ፣ ሸክላ ሠሪ ገንቦዋን እንደምትፈትሽ፣ በጣቷ አንኳኳችው። ትከሻው እንደ ደወል ጠራ። ደረቱም ጠራ። የግራ ብብቱ ግን የታፈነ ድምፅ ሰጠ።

«እዚህ ጋ ተሰንጥቋል» አለች። «ጭቃው ሳይደርቅ ነው እሳት ውስጥ የከተቱት።»

«እነዚያ ሁሉ ጠንቋዮች?»

«ችኩሎች ነበሩ። ውኃህን ስጠኝ።»

ዶልጋ የቀረችውን አንድ ኮዳ ውኃ ሰጣት። በጉልማ ሆድ ውስጥ የጥንቱ እሳት ይነድ ነበር፤ የጋለ ሸክላ ደግሞ ቀዝቃዛ ውኃ አይችልም። ሲምራ ቀኝ እጇን እስከ ክርኗ ስንጥቁ ውስጥ ከትታ ውኃውን አፈሰሰች። ጉልማ አንድ ጊዜ ጮኸና ፍርክስክስ አለ። ምንጩ ፈነዳ። የሲምራን ጣቶች ግን እሳቱ በልቷቸው ነበር።

ዶልጋ አለቀሰ። «እንግዲህ በምን ትሠሪያለሽ?»

«በእናንተ እጅ» አለችው።

ትምህርት ቤት ከፈተች። የገበሬ ሴት ልጆችና የመኳንንት ወንዶች ልጆች አብረው ጭቃ ረገጡ፤ ግቢው በሳቅና በዘፈን ተሞላ። የመጀመሪያው ተማሪ ዶልጋ ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?» አለችው አንድ ቀን።

«ገንቦ ነው፣ የኔታ።»

«ገንቦ ከሆነ ሰክሯል።»

በምንጩ በዓል ቀን የቤተ መንግሥቱ ሊቀ ጸሐፍት አዝማዮር ከሰገነት ላይ ታሪኩን አነበበ፦ «ጉልማ በንጉሣችን ጦር ተወግቶ ወደቀ።» ሲምራ ተማሪዎቿን አስከትላ፣ ጭቃ እንደለበሰች፣ ከሕዝቡ መካከል ወጣች።

«ሊቀ ጸሐፍት ሆይ፣ የንጉሡ ጦር በየት በኩል ወጋው? ያየውስ ማን ነው? ብራናዎን ይዘው ከሰገነቱ ይውረዱና፣ ከምንጩ በሚጠጣው ሕዝብ ፊት አሁኑኑ ይመልሱ።»