ሦስቱም እየላኩ ነበር

አባባ ታረቀኝን ጎርፉ የወሰዳቸው ሽሮ ሜዳ፣ ወንዙ ዳር ካለችው የሽመና ቤታቸው ነው። የጎርፍ ማስጠንቀቂያው ደወል ግን ትንፍሽ አላለም። ኢንስፔክተር ደብሪቱ አስከሬኑን አይታ ወደ ቁስቋም የሚያወጣውን ዳገት ጉልበቷን እየረገመች ወጣች። ጡረታ ሲቃረብ ዳገት ሁሉ ይረዝማል።

ደወሉን የሚያዘው ቢሮ ውስጥ ሦስት ሰዎች ጠበቋት፤ ፕሮግራሙን የጻፈው መላኩ፣ ረዳቱ ሩቲና ተረኛው ብሩኪ። የብሩኪ እጆች በካቴና ታስረዋል።

«ዘግቶት ነው» አለ መላኩ። «ፕሮግራሙ በጋውን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልቆመም።»

«አልነካሁትም» አለ ብሩኪ። ከጠዋት ጀምሮ ይህንኑ ሲል ነው የዋለው፤ የሚያምነው አጥቶ ድምፁ ሰልሏል።

ደብሪቱ ወደ ኮምፒውተሮቹ ጠጋ አለች። አንዱ የእንጦጦን፣ አንዱ የቁስቋምን፣ አንዱ የሽሮ ሜዳን ዝናብ ያሰላል። ውጤታቸውን ተለዋውጠው ሲጨርሱ፣ አደጋ ካለ ስክሪኑ ቀይ ይሆናል፤ ደወሉም ይጮኻል። ሦስቱም እንደበሩ ናቸው፤ የዘጋቸው የለም።

«ሩቲ፣ የእንጦጦው ምን እየሠራ ነው?»

«ለቁስቋም እየላከ ነው። እስኪቀበለው ይጠብቃል።»

«ቁስቋምስ?»

«ለሽሮ ሜዳ እየላከ።»

«ሽሮ ሜዳስ?»

ሩቲ ስክሪኑን ደግማ አየች። «ለእንጦጦ... እየላከ።»

 ደብሪቱ የሟቹን ልጅ ማሚቴን እንድታይ አስጠራች፤ ከጓዳ የኮምፒውተር ካርቶኖችም አስመጣች። የብሩኪን ካቴና ራሷ ፈታችና መላኩን፣ ሩቲንና ብሩኪን ክብ አድርጋ አቆመቻቸው።

መጀመሪያ ለእያንዳንዳቸው ቁራጭ ወረቀት ሰጠች። «ለቀኝ ጎረቤታችሁ አስረክቡ። ሳታስረክቡ መቀበል ክልክል ነው። ጎረቤታችሁ ካልተመቸው ጠረጴዛው ላይ ተዉለት።»

ሦስቱም ወረቀታቸውን ጠረጴዛው ላይ ተዉና የየጎረቤታቸውን አነሡ።

«አሁን ካርቶኑን። ይሄን ጠረጴዛው አይችለውም፤ ከእጅ ወደ እጅ ብቻ።»

ሦስቱም ትልልቅ ካርቶን በሁለት እጃቸው አቅፈው ተያዩ። የሚቀበል ባዶ እጅ የለም። ቆሙ። ደብሪቱ እስኪደክማቸው አቆየቻቸው።

«ትንሽ መልእክት ሲሆን ሲስተሙ ያስቀምጥላችኋል አይደል አቶ መላኩ? ላኪው ወደ ሥራው ይመለሳል። ትልቅ ሲሆን ግን ተቀባዩ እስኪዘጋጅ ቆሞ ይጠብቃል።»

«እ... አዎ።»

«በጋ ላይ ምን ዝናብ አለና? የምትልኩት ቁራጭ ወረቀት ነበር። ትናንት ዶፉ ሲወርድ መልእክቱ ካርቶን ሆነ። ሦስቱም ልላክ አሉ፤ ልቀበል ያለ የለም። አንዱ እንኳ መጀመሪያ እንዲቀበል ቢደረግ ኖሮ ሁሉም ያልፍ ነበር። በክረምት ዝናብ ሞክረውታል?»

መላኩ ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ሥራውን ስናስረክብ ክረምቱ ገና ነበር።»

«ብሩኪ፣ ነፃ ነህ። ሂድ ቤትህ።»

ብሩኪ አልተንቀሳቀሰም። «ዝናቡን በመስኮት እያየሁት ነበር» አለ። «የአባባ ታረቀኝ ስልክ ቁጥር አለኝ። ስክሪኑ ቀይ እስኪሆን ጠበቅሁ።»

 ደብሪቱ ይህን የሚጠይቅ ሕግ አታውቅም።

በሩ አጠገብ ቆማ ስታያቸው የነበረችው ማሚቴ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰበሰበች።

«እኔ ደውዬላቸው ነበር» አለች። «ወንዙን ሰምተውታል። ይውጡ ብዬ ለመንኳቸው። ‹ደወሉ ገና ነው፤ ይህቺን ጥለት ልጨርስ› አሉኝ።»