የታጠበ ዱካ

«ዱካ ደግሞ ምን ማስረጃ ይሆናል?» አለች ናርዶስ። ክፍሉ ሳቀ።

ሉጥፊያ ሰሌዳው ላይ የሳለችውን የእግር ዱካ እያየች ጥርሷን ነከሰች። ክርክሩ አሜሪካን ቀድሞ የረገጠው ማን ነው የሚል ነው። ናርዶስ፣ ከአሥራ ሦስት ሺህ ዓመት በፊት የድንጋይ ጦር ይሠሩ የነበሩት ናቸው ትላለች። ሉጥፊያ ደግሞ፣ በደረቀ ሐይቅ ዳር ዱካቸው የተገኘ ሰዎች ከሃያ ሺህ ዓመት በፊት እዚያ ነበሩ ባይ ናት። ያሸነፈች ከማራገቢያው ሥር ትቀመጣለች። ያ ቦታ እስከ ዛሬ ወላጆቻቸው ከኢትዮጵያ ካርቱም ቀድመው የገቡ ልጆች መቀመጫ ነበር፤ ትናንት ሉጥፊያ ብትቀመጥበት ናርዶስ ቦርሳዋን በመስኮት ወረወረችባት።

«ከዱካው በላይም በታችም የሣር ዘር ተገኝቷል» አለች ሉጥፊያ። «ዕድሜው የተለካው በዘሩ ውስጥ ባለው ካርቦን ነው።»

«የውሃ ሣር ነዋ። አሮጌ ካርቦን ያለበት ውሃ ከጠጣ ከዕድሜው በላይ ያረጀ ይመስላል። ኻላስ፣ አለቀ።»

ተመራማሪዎቹም ገና የሚጨቃጨቁበት ጥያቄ ነው። ሉጥፊያን ያንገበገባትም ጥያቄው ጥሩ መሆኑ ነበር።

መምህር ጌታሁን ጀርባቸውን ሲሰጡ ናርዶስ ጠጋ አለቻት። «አባዬ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ውስጥ ሱቅ ሲከፍት እናትሽ ካርቱምን በስምም አታውቃትም። ቀድመን የመጣነው እኛ ነን፣ የገረድ ልጅ።»

የሉጥፊያ ደም ፈላ። ናርዶስ አባቷ ጋሽ ሚልዮን ለንግድ ፖርት ሱዳን ሄዷል ብላ ለክፍሉ አውርታለች። ውሸት ነው። የጋሽ ሚልዮን ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ጊዜው ካለፈ ከርሟል። ባለፈው ሳምንት ፖሊስ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውን ሲያፍስ፣ የሉጥፊያ እናት ሐምዲያ በምትሠራበት የአል-ማንሺያ ሰፈር ቪላ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ተደብቀው ነበር ያመለጡት። ሉጥፊያ በዓይኗ አይታቸዋለች። ሲሄዱ ነጩ ወለል ላይ የጭቃ ዱካ ቀረ። ሐምዲያ አሠሪዋ ሳይመለሱ አጠበችው፤ ጥግ ላይ የቀረችውን የተረከዝ ምልክት እንኳ በመዳፏ ጠረገቻት። «አንቺም አላየሽም፣ እኔም አላየሁም» አለቻት።

«ሉጥፊያ፣ የምትጨምሪው አለሽ?» አሉ መምህሩ።

የጋሽ ሚልዮን ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብትናገር ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ናርዶስም ዳግመኛ ማንንም ቀና ብላ አታይም። ጠላቻት፤ ከልቧ ጠላቻት።

«የለኝም፣ ቲቸር።»

ናርዶስ እየሳቀች ወደ ማራገቢያው ሥር ሄደች። ሉጥፊያ ዳስተሩን አንስታ የሳለችውን ዱካ ከጣቶቹ ጀምራ አጠፋች። ተረከዙ ላይ ትንሽ ጠመኔ ቀርቶ ነበር። በመዳፏ ጠረገችው።