ያልጠራው ጠርሙስ

ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። የሆነውን እንደሆነ ላስቀምጠው ነው፤ ነገ የምችል አይመስለኝም።

ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኔ ግን አርባ ሁለት ደረጃ ወርጄ፣ መስኮት በሌለው ምድር ቤት ውስጥ ቆሜያለሁ።

ብቻዬን።

አባቴ እዚያ ሠላሳ ዓመት ጠርሙስ ሲያዞር ኖሯል። ሥራው ይኸው ነበር። አረፋማ ወይን አረፋውን የሚያገኘው ጠርሙስ ውስጥ ተዘግቶ ዳግም ሲፈላ ነው። ያፈላው እርሾ ሲሞት ደቃቅ አተላ ሆኖ ወይኑን ያደፈርሰዋል። ስለዚህ ጠርሙሶቹ የእንጨት መደርደሪያ ቀዳዳ ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው ይሰካሉ። በየቀኑ ትንሽ ይዞራሉ፤ መቀመጫቸውም ትንሽ ከፍ ይላል። አተላው ቀስ እያለ ወደ አንገት ይወርዳል። በሠላሳ ሁለተኛው ቀን አንገቱ በረዶ ውስጥ ይነከርና ቆርኪው ይነሳል። የረጋው አተላ ተተኩሶ ይወጣል።

እያንዳንዱ ጠርሙስ መቀመጫው ላይ የጠመኔ መስመር አለው። ምን ያህል እንደዞረ የሚታወቀው በሱ ነው።

"በቀን አንዴ" ይል ነበር አባቴ። "አይዘለልም፣ አይደገምም።"

የመጨረሻዎቹን አራት መቶ ሰማንያ ጠርሙሶች ጀምሮ፣ አሥራ ሰባት ቀን ሲቀረው ሞተ። "በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አልሠራሁም" ብሎኝ ነበር። ከእሱ ሌላ ማዞር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ካቆምኩ እንደደፈረሰ ይደፋል። እኔ ደግሞ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ፤ በአሥር ቀን ውስጥ ካልደረስኩ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

በቀን ሁለቴ ባዞር በዘጠኝ ቀን ያልቃል አልኩ።

ከቀብር መልስ ጥቁር ልብሴን ሳልቀይር ወረድኩ። ሁሉንም አዞርኩ። ደገምኩ።

በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት ስወርድ...

መስመሮቹ የአንድ ቀን ዙር ያህል ወደ ኋላ ተመልሰዋል።

የሁሉም።

ሐዘን ያነሆልላል ብዬ እንደገና ሁለቴ አዞርኩ። በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። በሦስተኛው ቀን ፎቶውን ከመደርደሪያው አጠገብ ይዤ አስተያየሁ...

ተመልሰዋል።

የግቢው ዘበኛ የምድር ቤቱ አየር ማስገቢያ አጠገብ ተቀምጦ ራዲዮ ያዳምጣል።

"ጋሼ፣ ማን ገባ?"

"የት?"

"ታች።"

"ቁልፉ አንቺ ኪስ ውስጥ አይደል እንዴ? ወይስ እኔን አይጥ አደረግሽኝ?"

"የምሬን ነው።"

ራዲዮውን ዘጋ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ልጄ... በቀን ስንቴ ነው የምታዞሪው?"

"አንዴ።"

"ታዲያ ለምን ሦስቴ ይሰማኛል?"

በአራተኛው ቀን ሁለቴ አዙሬ ስጨርስ መብራቱን አጥፍቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ኳ... ኳ።

ሁለት ጠርሙስ፣ በሁለት እጅ። ከዚያ ሳል።

አባቴ በየረድፉ መጨረሻ ላይ ይስል ነበር።

የስልኬን መብራት አበራሁ። ማንም የለም። ጠርሙሶቹ ግን ይዞራሉ። መደርደሪያው ሁለት ሳንቃ አናት ለአናት ተደጋግፈው የቆሙበት ነው፤ እንደ ድንኳን። ሰው ከውጭ ቆሞ መቀመጫቸውን ይዞ ያዞራል። እነዚህን የሚያዞራቸው ግን ከድንኳኑ ውስጥ ነው...

በአንገታቸው።

"አባዬ?" አልኩ በሹክሹክታ።

ቆመ።

ፊት ለፊቴ ያለው ጠርሙስ ብቻ ወደ ግራ አለ... ወደ ቀኝ... ወደ ግራ። እምቢ እንደሚል ራስ።

በአምስተኛው ቀን የወረድኩት ለመሰናበት ነው። ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽም። በሕይወት ሳለም "ቆይ" ሲለኝ ነው የኖረው። ያንን እምቢ ያለኝን ጠርሙስ ነቅዬ፣ ቁልፉን ለዘበኛው ሰጥቼ፣ ቤት ወስጄ ከፈትኩት። አሥራ ሁለት ቀን ይቀረው ነበር።

ድፍርስ ነው። አረፋው ግን ከሥር እንደ ክር እየተመዘዘ፣ ሳይቸኩል ይወጣል። አፍ ላይ ያልበሰለ ፖም፣ ቀጥሎ ትኩስ ዳቦ፣ መጨረሻ ላይ የድንጋይ ቅዝቃዜ። አባቴ አልዋሸም። "ቅመሺው እስቲ" የምላት አንዲት ሰው እንኳ አልነበረችኝም።

እስከ አተላው ጠጣሁት።

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

አዲሱ ክፍሌ አራተኛ ፎቅ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር። መሥሪያ ቤት ስሜን የሚያውቅ እስካሁን የለም።

በመጀመሪያው ጠዋት ካልሲ ሳጠልቅ ተረከዜ ላይ ነጭ መስመር አየሁ።

ታጠብኩት።

በሁለተኛው ጠዋት ተመልሷል። ትንሽ ዘመም ብሏል።

በሦስተኛው ጠዋት ይበልጥ ዘመመ። የአልጋዬም ግርጌ በአንድ ጣት ከፍ ብሏል።

ቤቴ ውስጥ ጠመኔ የለም።

ትናንት ዘበኛው ደወለ።

"ልጄ፣ አንድም ቀን አልታጎለም እኮ። ማን ነው የሚያዞረው?"

"እየጠራ ነው?"

"እንደ መስተዋት! ወርጄ አየሁት። አንዲት ቀዳዳ ብቻ ባዶ ናት። እሷ ጋ ሲደርስ ኳታው ይቆማል። ከዚያ ሳል ይሰማኛል።"

"የአባዬ ሳል ነዋ።"

"አይደለም... የሴት ነው።"

መልስ ልሰጠው ስል ሳል ያዘኝ። ጉሮሮዬ ውስጥ ደቃቅ ነገር አለ። በየቀኑ ትንሽ ይጨምራል።

አባቴ ጠርሙስ ጀምሮ የሚተው ሰው አልነበረም።

ጠርሙሱን ከጠጣሁ ዛሬ አሥራ አንደኛው ቀን ነው። ዘጠኝ ሰዓት። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አልጋዬን እያየሁ ነው። ግርጌው እስከ ደረቴ ከፍ ብሏል። ጎንበስ ብዬ አይቻለሁ፤ ከሥሩ ምንም የለም።

ነገ አሥራ ሁለተኛው ነው።

አንገቴ ከአሁኑ በረዶ ሆኗል...