ሳህኑ ላይ የቀሩት

«ኧረ ይኼ ነገር አይሆንም!» አለችና የጉንዳን ታላቅ እህት ሴል ቆጣሪው ማሽን ፊት ያለው ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

ጉንዳን የጠርሙስ ማጠቢያውን ውሃ ዘጋች። ጉንዳን ያሏት ቤተሰቦቿ ናቸው፤ መቼም ሥራ ፈትታ ቁጭ ማለት አይሆንላትም። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ እህቷ በምትመራመርበት ላቦራቶሪ ታግዛለች። ሰሞኑን ሁለቱም ከድካም ብዛት ቆመው ያንቀላፋሉ።

«ምን ሆነ፣ እትዬ?»

«አብራጆቹ በሁለቱም የሴል ማሳደጊያ ሳህን አሉ!»

ጉንዳን ነገሩ ገባት። የሰውነት መከላከያ አንዴ ከተቆጣ የገዛ ሰውነቱን ሳይቀር ይጎዳል። «ኧረ በቃ!» ብለው የሚያረግቡት አብራጅ ሴሎች ናቸው። እህቷ በአይጥ ሴሎች ላይ ዓመታት የለፋችው፣ ማክሮፌጅ የሚባለው ጀርም የሚውጥ ሆዳም ሴል አብራጆቹ እንዲፈጠሩም እንደሚያግዝ ለማሳየት ነው። እንግዲህ ከሁለቱ ማክሮፌጅ በሌለበት ሳህን አብራጆች መጥፋት ነበረባቸው።

«ያለ ማክሮፌጅም ከተፈጠሩማ ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ። ነገ ለፕሮፌሰሩ ተሳስቻለሁ፣ ሥራው ይዘጋ እላቸዋለሁ» አለች እህቷ። ለማልቀስ እንኳ አቅም አልነበራትም።

ጉንዳን ትናንት ያደረገችው ትዝ አላት። ማክሮፌጅ ፕላስቲክ ላይ ይጣበቃል። ሳህኑን ቀስ ብለው ሲያዘነብሉት ሌላው ሴል ከፈሳሹ ጋር ይወርዳል፣ ማክሮፌጁ ተለጥፎ ይቀራል። ትናንት እህቷ ዓይኗ እየተከደነ «ገልብጪልኝ» ብላት፣ ጉንዳን ገለበጠች። ታች ስስ ጭጋግ የመሰለ ነገር ቀርቶ አየች። እናታቸው ደግሞ ድስት ሳይጠረግ ሲታጠብ ካየች ቤቱን በጩኸት ታናውጠዋለች። ልማድ ክፉ ነው፤ ጉንዳን በጎማ መጥረጊያ ጥርግ አድርጋ ወደ ወረደው ፈሳሽ ጨመረችው። ለካ ማክሮፌጅ የለበትም ወደተባለው ሳህን የገባው ራሱ ማክሮፌጁ ነበር። ወይ ጉድ፣ ኮርታም ነበር እኮ!

ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ብትናገር ግን ሌሎች አይጦች፣ ሌላ ስንት ሳምንት ሥራ። እሷንም ከእንግዲህ ማንም እዚህ በር አያስገባትም።

«ዕቃሽን ሰብስቢ፣ ጉንዳኔ። እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም።»

ይቺ ቃል አንጀቷን በላችው። መሳቢያውን ከፍታ የጎማ መጥረጊያውን እህቷ ፊት አስቀመጠች።

«እትዬ… ትናንት በዚህ ጠርጌዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ታች የቀረውን። እንዳይባክን ብዬ።»

እህቷ መጥረጊያውን አየችው፤ እሷን አየቻት፤ ተመልሳ መጥረጊያውን አየችው።

«እማዬ!» አለች በመጨረሻ፣ እናታቸው በሩ ላይ የቆመች ይመስል። ከዚያ ፊቷ ጠቆረ። «ከእንግዲህ ሳህን እንዳትነኪ።»

«እሺ። ነገ ግን አብሬሽ እገባለሁ። ሳህኑን ያበላሸሁት እኔ መሆኔን ለፕሮፌሰሩ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

እህቷ ማሽኑን አጥፍታ ዓይኗን ጨፈነች። ጉንዳን ውሃውን ከፈተችና የቀሩትን ጠርሙሶች ማጠብ ጀመረች።