የውሰት አባት

ከጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ፣ ቄስ ወልደ ሩፋኤል የሚባሉ ገበሬ ካህን ነበሩ። ሳምንቱን ያርሳሉ፣ እሑድ ይቀድሳሉ። ባለቤታቸው የብርጓል ካሳደገቻቸው ልጆች ትልቁ ዘመነ፣ ትንሿ አርሴማ ናት፤ በመካከል የተወለዱት አልበረከቱላትም። ዘመነ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ደብረ ማርቆስ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራየ። እናቱ በየሳምንቱ ድርቆሽና በሶ ቋጥራ በገበያ መኪና ትልክለታለች፤ ከራሷ አፍ ቀንሳ! አባትየውስ? አባትየው ልጃቸው የሚማርበትን ግቢ አንድም ቀን ረግጠው አያውቁም። «የቄስ ልጅ ምን ያጠፋል ብላችሁ ነው?» ይላሉ ለጎረቤት። ወይ መታመን! የቄስ ልጅ ከተማ ሲገባ ልጅነቱ የሚቀር መስሏቸው ይሆን?

ጊዜው ዘጠናዎቹ ነው። በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ «ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ በትልልቁ ተጽፏል፤ ልክ ከበሩ ማዶ ደግሞ ሲጋራ በፍሬ የሚሸጥ ሱቅ አለ። ባለሱቁ ደብተር በብብቱ ለሸጎጠ ልጅ ራሱ ክብሪት ጭሮ ይለኩስለታል። ርእሰ መምህሩ በዚያ ያልፋል፣ መምህራኑ በዚያ ያልፋሉ፣ ግማሾቹም ከዚያው ይገዛሉ። እንግዲህ ልጅ የሚያምነው የአጥሩን ጽሑፍ ነው ወይስ መምህሩን? ዘመነ መጀመሪያ ለብርዱ ብሎ አጨሰ፤ ቀጥሎ ጓደኞቹ ገጠሬ እንዳይሉት አጨሰ፤ በኋላማ ምክንያትም አላስፈለገው።

አንድ ቀን ከሽንት ቤቱ ጀርባ ሲያጨስ ተያዘ። የክፍሉ ኃላፊ መምህር ውበቱ ጉዳዩን በአንድ ቃል ቆረጠው፤ «ወላጅ አምጣ!» አለው። በእነዘመነ ቀዬ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው እንኳን ቄስ ቤት፣ ማንም ቤት ማዕድ አይቀርብም። ታዲያ ይህን ለአባቱ እንዴት ብሎ ይንገር? ከገጠር የመጡ ተማሪዎች ለዚህ ዘዴ ነበራቸው፤ አባት ይዋሳሉ! መናኸሪያ ወርደው ጋቢ የለበሰ ጎልማሳ ይለምኑና «አባቴ ነው» ብለው ይዘው ይገባሉ። ዘመነም አለበል የሚባል ተሸካሚ አገኘ። ለውለታው ምን ሰጠው? እናቱ የላከችለትን በሶ!

«ልጅዎ ሲጋራ ሲያጨስ ተይዟል» አለ መምህር ውበቱ።

«አንተ ባለጌ! እኔ በሬ ጠምጄ የማስተምርህ ለዚህ ኖሯል?» አለና አለበል ልጁን በጥፊ አጮለው።

መምህር ውበቱ ረካ። አስፈርሞ አሰናበታቸው። ልጁን «ለምን ታጨሳለህ? እንዴት ልርዳህ?» ያለው የለም። ባለሱቁንም «ተው!» ያለው የለም። አባትና ልጅ ተብዬዎቹ ከግቢው ወጥተው አስፋልቱን ሳይሻገሩ አለበል ከኪሱ አንድ ፍሬ ሲጋራ አውጥቶ ለዘመነ አቀበለው። ኧረ የሰው ያለህ! ዘመነ በዚያው ዓመት እንደገና ተያዘ፤ አለበልም እንደገና አባት ሆኖ ገባ፣ እንደገና በጥፊ መታ፣ እንደገና ፈረመ።

በመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ዘመነ ወደ ቤቱ ሄደ። የዓመቱ ገብስ ተወቅቶ አላለቀም፤ ክምሩ ከአውድማው ዳር ቆሟል፣ ገለባውም ከሥሩ ተቆልሏል። ሱሱ ሲጠናበት ከክምሩ ጀርባ ሄዶ ለኮሰ። ገና ሁለቴ እንኳ ሳይስብ የአባቱ ድምፅ መጣ። «ዘመነ! በሬዎቹን አምጣ እንጂ!» ምናለ መሬት ላይ ጥሎ በእግሩ ቢረግጠው! ምናለ ተይዞ ቢሰደብ፣ ቢገረፍ! እሱ ግን ከእሳቱ ይልቅ አባቱን ፈራና ሲጋራውን እንደነደደ ገለባው ውስጥ ሰንቅሮ ሮጠ። አርሴማ ከነፋሱ ተጠልላ በዚያው ገለባ ውስጥ ተኝታ እንደነበር አላየም… በሬዎቹን ፈትቶ ሲመለስ የጮቄ ነፋስ ክምሩን አንድዶታል። አባትየው የሕፃኗን ጩኸት ሰምተው በባዶ እጃቸው ነበልባሉ ውስጥ ገቡ፤ ሕፃኗን አወጧት፤ ነገር ግን ነፍስ አልነበራትም።

ጎረቤት ተሰበሰበና የእሳቱን መነሻ ፈለገ። የብርጓል በዚያ ጠዋት የምድጃ አመድ ጠርጋ ከአውድማው ጀርባ ደፍታ ነበር። «ረመጥ ኖሮበት ነው» ተባለ። ቄስ ወልደ ሩፋኤልም በሐዘን ብዛት፣ የተቃጠለ እጃቸውን ይዘው፣ «አመድሽ ጨረሰን!» አሏት። ደግመው አላሉትም፤ እሷ ግን ከዚያ ቃል አልተነሳችም። ዘመነ አጠገባቸው ቆሞ ሰማ። እናትህ በሕፃን ልጇ ደም ስትከሰስ ዝም? አዎ፣ ዝም! ትምህርት ሲከፈት ተነስቶ ሄደ፤ ከበፊቱም የበለጠ አጨሰ፤ እንደገና ተያዘ፤ አለበልም እንደገና ፈረመ።

የብርጓል ከዚያ በኋላ እሳት አልነካችም። ጎረቤት ካላበሰለላት አትበላም፤ ሲያበስሉላትም አትበላም። «ልጄን በእጄ…» ትልና ታቋርጠዋለች። በግንቦት አልጋ ያዘች። «ዘመነን አምጡልኝ» አለች። ቄስ ወልደ ሩፋኤል የልጃቸውን ኪራይ ቤት ስለማያውቁት ቀጥታ ትምህርት ቤቱ ሄዱ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ! ዘበኛው መምህር ውበቱ ቢሮ አስገባቸው።

«የዘመነ አባት ነኝ። እናቱ ታማብኝ ልወስደው መጥቼ ነው» አሉ።

መምህር ውበቱ በትሕትና ከመቀመጫው ተነሳ። «አባቴ፣ ተሳስተው እንዳይሆን። የዘመነን አባት እኔ በደንብ አውቃቸዋለሁ። በሲጋራው ጉዳይ እዚሁ ተቀምጠን ስንት ጊዜ ተነጋግረናል!»

«በምኑ ጉዳይ?» አሉ ቄስ ወልደ ሩፋኤል።

ዘመነ ተጠርቶ ገባ። አባቱን ሲያይ እግራቸው ላይ ወደቀ። «አባባ… ክምሩን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ከጀርባው ሳጨስ እርስዎ ጠሩኝና… የእማዬ አመድ አይደለም!» አለ።

አባትየው መስቀል በያዘው ጠባሳ እጃቸው ትከሻውን ያዙት። አልመቱትም፣ አልረገሙትም። «ተነስ። ይህን ለእናትህ ንገራት» ብቻ አሉት።

በመጀመሪያው መኪና ሄዱ። የብርጓል መደብ ላይ ተጋድማ፣ ዓይኖቿ ደክመው አገኟት። ዘመነ ተንበረከከ፤ አባትየው ከኋላው ቆሙ። «እማዬ፣ አመዱ አይደለም። እኔ ሲጋራ እያጨስኩ…» ብሎ ሳይጨርስ፣ የከሳ እጇን አንስታ አፉን ያዘችው።

«ዝም በል ልጄ! አባትህ እንዳይሰማ…»

ወይ እናት! አባትየው በግንባራቸው ተደፉ። «ሰምቻለሁ የብርጓል! ሰምቻለሁ፣ ይቅር በይኝ!» እያሉ ጮኹ። ትስማቸው አትስማቸው የሚያውቅ የለም። ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈች።

በለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ «ዕጣዋ ነው» አለ። ዕጣ አትበሉኝ! ለልጅ ክብሪት የጫረ ዕጣ ነው? በጥፊና በፊርማ የረካስ? ልጅ «ጥፋቴን ብናገር ይገድለኛል» ብሎ እስኪያምን ድረስ አባትን የሚያስፈራ ያደረገው ዕጣ ነው? እንዲህ እያልን በገዛ እጃችን የሠራነውን ሁሉ ፈጣሪ ላይ እንለጥፋለን፤ ሱቁም እንደተከፈተ ይውላል።

ቄስ ወልደ ሩፋኤል ግን አርባዋን አውጥተው፣ ዘመነን በእጁ ይዘው ያንን ቢሮ እንደገና አንኳኩ። ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው መምህር ውበቱ ፊት ቆሙ። «አባቱ እኔ ነኝ። ደህና አድርገህ እየኝ፣ መልኬን ያዝልኝ፤ ከእንግዲህ ልጄ ሲያጠፋ ጥራኝ፣ እመጣለሁ» አሉት። ይህችን ለማለት እናትና ልጅ መቅበር ነበረባቸው?