ልማታዊ ባለሀብት ተስፋው

ያምሮት ከኢንተርኔቱ መዝገበ ዕውቀት ላይ ለሦስተኛ ጊዜ የሰረዘችው ዓረፍተ ነገር ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሶ መጥቷል። «ድልድዩን ያሠሩት ልማታዊ ባለሀብት አቶ ተስፋው ናቸው» ይላል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ከሥሩ አንድ የማታውቀው አራሚ መልእክት ትቶላታል። ጨዋ ሰው ነው፤ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ነው የጀመረው። ምንጭ ያለውን መረጃ ደጋግሞ መሰረዝ ክልክል እንደሆነና ከቀጠለች መለያዋ እንደሚታገድ በትሕትና አስረዳት።

«ይሄ ሰውዬ ሥራ የለውም እንዴ?» አለች ጓደኛዋ ዓቢዳ። ቡሬ ከተማ፣ በአንዲት ጠባብ ኢንተርኔት ቤት አንድ ወንበር ለሁለት ተካፍለው ተቀምጠዋል።

ያምሮትም ሰውዬውን መስደብ ቢቻል ደስ ባላት ነበር። ነገር ግን ያንን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ የጻፈችው ራሷ ናት።

አባቷ በሥራ ዝውውር ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ካመጣቸው ገና ዓመት አልሞላም። ዘጠነኛ ክፍል እንደገባች የአይሲቲ ክበብ ተመዘገበች። የክበቡ ኃላፊ ቲቸር መልካሙ ማንም ሰው ሊጽፍበት የሚችል መዝገበ ዕውቀት ኢንተርኔት ላይ እንዳለ ነገሯቸው። ስለ አካባቢያቸው ግን አራት መስመር እንኳ አይገኝበትም፤ እኛ ካልጻፍን ማን ይጽፍልናል አሏቸው። መለያ እንዴት እንደሚከፈት፣ አንዱ ገጽ ከሌላው እንዴት እንደሚያያዝ፣ በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ምንጭ እንዴት እንደሚቀመጥ አስተማሯቸው። ከሦስቱ ያምሮት ሁለቱን በደንብ ተማረች።

እሷ የመረጠችው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን የድንጋይ ድልድይ ነበር። ሰው ሁሉ «የተስፋው ድልድይ» ይለዋል። በስሙ ከተጠራ ያሠራው እሱ ነው ብላ አሰበች፤ ሆቴሉም ወፍጮ ቤቱም በባለቤቱ ስም አይደል የሚጠራው? ማንንም አልጠየቀችም። ስሙ ብቻውን ባዶ ስለመሰላት «አቶ» ጨመረችበት። «አቶ»ም ቀለለባት፤ በየቀኑ ከሬዲዮ የምትሰማውን «ልማታዊ ባለሀብት» አስቀደመችለት። ያን ጊዜ ዓረፍተ ነገሩ ቁመና አገኘ።

ቲቸር መልካሙ በጣም ወደዱት። በዚያው ሰሞን የአካባቢውን የልማት ሥራ የሚያወድስ መጽሔት ሊታተም ነበርና ለአዘጋጆቹ ላኩላቸው። መጽሔቱ ሲወጣ የያምሮት አንድ መስመር ግማሽ ገጽ ሆኗል፤ አቶ ተስፋው «አርቆ አሳቢ» እና «ለወጣቱ አርአያ» ተብለዋል። አባቷ ሁለት ቅጂ ገዛ። ዓርብ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል በተማሪው ሁሉ ፊት የምስክር ወረቀት እንደሚሰጣት ተነገራት። ትንሽ ቆይቶም አንድ ሰው መጽሔቱን በመዝገበ ዕውቀቱ ላይ ምንጭ አድርጎ አስገባው። መጽሔቱ ከእሷ ወሰደ፤ ገጹ ደግሞ ከመጽሔቱ።

ነገሩ የፈነዳው ቅዳሜ ገበያ ላይ ነው። የዓቢዳ አባት አቶ ኢሳ ጨርቃ ጨርቅ ሱቃቸው ውስጥ መጽሔቱን ለደንበኞቻቸው ጮክ ብለው ሲያነቡ፣ ሻሽ ሲመርጡ የነበሩ አንዲት አሮጊት ሻሹን መልሰው አስቀመጡት።

«ተስፋው እኮ ልጀ ነው» አሉ። «ወንዙ ሲወስደው አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። መች ደርሶ ነው ባለሀብት የሆነው?»

ሻሹን ሳይገዙ ወጡ። ዓቢዳ ሰኞ ዕለት ለያምሮት እንዳለ ነገረቻት። ሴትዮዋ እማማ አቻምየለሽ ይባላሉ። በዚያ ሠፈር ሰው የወሰደ ወንዝ መሻገሪያው በተወሰደው ሰው ስም ይጠራል፤ ድልድዩ ሳይሠራ በፊትም ቦታው «የተስፋው» ነበር። ይህን የዚያ ሠፈር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሳትጠይቅ የጻፈችው ያምሮት ናት።

ማክሰኞ ሰረዘችው፣ ተመለሰ። በማግሥቱ ቲቸር መልካሙን ጠየቀቻቸው። የጠየቀቻቸው ግን ዓረፍተ ነገሩ ስህተት ሆኖ ቢገኝ ምን ይደረጋል ብላ ነው፤ ከየት እንዳመጣችው ትንፍሽ አላለችም። እሳቸውም ተቃራኒውን የሚል የታተመ ነገር ማምጣት ነው አሏት። መዝገበ ዕውቀቱ የሚያምነው የታተመውን ነው። ወንዝ ስለወሰደው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የታተመ ምን አለ? ምንም። ከትምህርት ቤት መልስ ኢንተርኔት ቤት ሄዳ እንደገና ሰረዘች፣ እንደገና ተመለሰ። ምንም ማድረግ አለመቻል እንዲህ እንደሚያንገበግብ አታውቅም ነበር። ሦስተኛው የዛሬው ነው፤ ሐሙስ።

«ተነሽ እንሂድ» አለች ያምሮት።

«ወዴት?»

«እማማ አቻምየለሽ ጋ።»

በባጃጅ ሄደው የቀረውን በእግራቸው ጨረሱት። እማማ አቻምየለሽ ደጃፋቸው ላይ በቆሎ እየፈለፈሉ ነበር። የአቶ ኢሳን ልጅ ሲያዩ ተነሥተው ሳሟት፣ ያምሮትንም ሳሟት። ለምን እንደመጡ ሳይጠይቁ እሸት አቀረቡላቸው።

ዓቢዳ ስለ ድልድዩ ጠየቀቻቸው። እሳቸው እንደነገሯቸው፣ ተስፋውን ክረምት መግቢያ ላይ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ነው ወንዙ የወሰደው። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ሙሉ በየገበያውና በየንግሡ እየዞሩ ሰው ለመኑ። የለመኑት ገንዘብ አይደለም፤ የአንድ ቀን ጉልበት ነው። ድንጋይ ያልተሸከመ የለም አሉ። የዓቢዳ አያት እንኳ በአህዮቻቸው አሸዋ ሲያመላልሱ ከርመዋል። የመጀመሪያዎቹ የትምህርት ቤት ልጆች ሲሻገሩበት እማማ አቻምየለሽ ቆመው አዩ፤ ከዚያ ወደ ቤታቸው ገቡ።

«እኔስ አንድ ነገር ነው የገረመኝ» አሉ በቆሎውን እያዩ። «የመጽሔቱ ሰዎች ያን ወሬ ከማን ሰሙት?»

ዓቢዳ ወደ ያምሮት ዞረች።

«ከኢንተርኔት ነው» አለች ያምሮት።

«ኢንተርኔቱስ?»

«ከእኔ።»

«አንችስ ልጀ?»

«ከማንም አልሰማሁትም፣ እማማ። ከራሴ ነው የጻፍኩት።»

ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች። አልተቆጡም። አይጠፋም ወይ ብለው ብቻ ጠየቋት። ሦስት ጊዜ አጥፍታው ሦስት ጊዜ እንደተመለሰ ነገረቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እናንተ የተማራችሁት ካቃታችሁ እኔ ምን አደርገዋለሁ» አሉና ወደ በቆሏቸው ተመለሱ። «እንግዲህ የማያውቀው ሁሉ የሀብታም ድልድይ እያለ ሊሻገር ነው።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ተሰናብተው ሲወጡ ዕንባዋ መጣ። ዓቢዳ እጇን ይዛ እስከ ድልድዩ ወሰደቻት፤ የቻልሽውን አድርገሻል፣ አታካብጂ፣ ነገ ሰርተፊኬትሽን ትቀበያለሽ፣ በሳምንቱ ሁሉም ይረሳዋል አለቻት። ያምሮት ድልድዩ መሐል ቆመች። ከዚያ ዓቢዳን እንድትጠብቃት ነግራ ብቻዋን ወደ ኋላ ተመለሰች።

ከተማ ሲደርሱ ቲቸር መልካሙ አይሲቲ ክፍል ውስጥ የምስክር ወረቀቶቹ ላይ ስም እየጻፉ ነበር። ያምሮት በሩን ዘግታ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ «ልማታዊ»ን፣ «ባለሀብት»ን፣ «አቶ»ን፣ አንዱንም ሳታስቀር። ነገ በሰንደቅ ዓላማው ሰዓት በተማሪው ሁሉ ፊት ልትናገረው እንደምትፈልግም ጨመረች። እስክሪብቶውን አስቀመጡ። ፊታቸው ሲጨልም አየችው። ለመጽሔቱ የላኩት እሳቸው ናቸው።

«ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም?» አሏት።

ከዚያ ነገ በተማሪው ፊት ብትናገሪውም ገጹ አይስተካከልም፤ መጽሔቱም ታትሞ ተበትኗል፤ ያ አራሚ የሰንደቅ ዓላማ ንግግርን ምንጭ ብሎ አይቀበልሽም አሏት። ክፉ ሆነው አይደለም፤ እውነታቸውን ነው።

«አውቃለሁ፣ ቲቸር።»

«ታዲያ ምን ላድርግልሽ?»

«እማማ አቻምየለሽ ነገ ጠዋት ይመጣሉ፤ ጠርቻቸዋለሁ» አለች ያምሮት። «በእግራቸው ስለሆነ የሚመጡት ይደክማቸዋል። እኔ ስናገር የሚቀመጡበት ወንበር ከመድረኩ አጠገብ እንዲያስወጡልኝ ነው።»