የዳምጠው ፊርማ

መርሳ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከወንዙ በላይ የዳምጠውና የአልታየች ቤት ነበር። ነበር እላለሁ፤ ቆርቆሮውም ግድግዳውም ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ቆሟል፣ ቤት የሚያሰኘው ነገር ግን በ1976 ዓ.ም. አብቅቷል። ዳምጠው በከተማዋ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነው፤ መርፌ ይወጋል፣ ቁስል ያጥባል፣ ሲያመሽበት ካርድም ይጽፋል። አልታየች ብርቱካንና ማንጎ ከአትክልተኞች እየተረከበች አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ትሸጣለች። ሁለት ልጆች በሕፃንነታቸው ቀብረው የቀረችላቸው አንዲት ፋንቱ ናት፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ። በልጅነቷ ጉሮሮዋን አሞ የተዋት ትኩሳት ለካ ሄዶ አልሄደም፤ ልቧ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። አሥረኛ ክፍል ስትደርስ ከወንዝ ውሃ ቀድታ ዳገቷን ለመውጣት ሦስት ቦታ ማረፍ ጀመረች፤ በኋላ አምስት ቦታ፤ በኋላ ጭራሽ መውረዱንም ተወችው። እናቷ ለጎረቤት «ትንሽ ሰንፋብኛለች» ትል ነበር። ምነው ስንፍና ብቻ በሆነ!

በዚያን ጊዜ ወልዲያ ላይ ዶክተር ባህራም የሚባል ኢራናዊ ሐኪም ነበር። በአገሩ መንግሥት ሲለወጥ የወጣ፣ ፓስፖርቱ ያለቀበት፣ ተመለስ ቢሉትም መመለሻ የሌለው ሰው። ሐሙስ ሐሙስ መርሳ እየወረደ በሽተኛ ያያል። አማርኛው ለጉድ ነው፤ ትንሹንም ትልቁንም፣ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ይላል፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ባልቴት «አንተ ምንህን አመመህ?» ሲላቸው በሳቅ ሕመማቸውን ይረሱታል። የሚያስተረጉምለትም፣ የሚያርመውም ዳምጠው ነበር።

ባህራም ብቻውን አልነበረም። ደሴ ላይ ዶክተር ናስሪን የምትባል የአገሩ ልጅ አለች፤ አዲስ አበባ ዶክተር ኩሩሽ የሚባል የልብ ቀዶ ሐኪም አለ፤ ጅማና አስመራም ሌሎች አሉ። የአንዱ አባት አገር ቤት ሞተ የሚል ወሬ ሲመጣ ሌሎቹ ፈቃድ ለምነው መጥተው ሦስት ቀን አብረውት ይቀመጣሉ። አንዱን ወባ ሲጥለው ሌላው በዕረፍቱ መጥቶ በሽተኞቹን ያይለታል። መድኃኒት ሲያልቅም እንዲሁ ነው። መስከረም ላይ ወባ መርሳን ሲያራውጣት ጤና ጣቢያው በደንቡ መሠረት ቅጽ ሞልቶ ላከ፤ ቅጹ ተሳስቷል ተብሎ ተመለሰ፤ እንደገና ተሞላ። ባህራም ግን በቋንቋው አራት መስመር ለናስሪን ጽፎ ለእህል ጫኝ ሹፌር ሰጠ፤ በማግስቱ ሁለት ካርቶን የወባ ክኒን ከደሴ ደረሰ። የቅጹ መልስ የመጣው የካቲት ላይ ነው፤ ጥያቄው ዘግይቶ በመቅረቡ ማስተናገድ አልተቻለም ይላል! የመርሳ ሰው ይህን አይቶ «የዶክተሮቹ እድር» ብሎ ስም አወጣላቸው። ደብዳቤውን ከባህራም ተቀብሎ ለሹፌሮች የሚያስረክበው ዳምጠው ስለነበር እሱን ደግሞ «የእድሩ ጥሩምባ ነፊ» እያሉ ያሾፉበት ነበር። እሱም ደስ ይለው ነበር።

ጥር ላይ ባህራም የፋንቱን ደረት አዳመጠ። አንድ ጊዜ አዳመጠ፤ ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣና ጠርጎ መልሶ አዳመጠ። የልቧ አንዱ በር ጠቧል፤ በቀዶ ሕክምና ካልተከፈተ ደሙ ወደ ኋላ እየተመለሰ ሳንባዋን ያፍናል። ይህን የሚሠራው ኩሩሽ ነው። ደብዳቤ ሄደ፣ ደብዳቤ መጣ፤ ኩሩሽ ከራሱ ወረፋ ቆርሶ ለግንቦት 8፣ ረቡዕ ቀን አልጋ ያዘላት። ይህ ቀን ካለፈ የሚቀጥለው ተራ የሚደርሰው በዓመቱ ጥር ላይ ነው። ባህራም ዳምጠውን ወደ በረንዳው ሳብ አድርጎ «ጥር አይደርስም» አለው። ስለ ልጅቷ እየተናገረ እንደ ወንድ ነበር የጠራት። ዳምጠው ያን ቀን አላረመውም።

ከወረዳ ወጥቶ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ዳምጠው ሚያዝያ 10 ቀን መጠየቅ ጀመረ። የቀበሌው ሊቀመንበር ስብሰባ ላይ ነው፤ ማኅተሙ ደግሞ እሱ በቆለፈው ሳጥን ውስጥ ነው። ሊቀመንበሩ ሲመጣ የሐኪም ማስረጃ አምጣ አለ። ማስረጃው ሲመጣ የደብዳቤ ቁጥር የለውም ተባለ። ቁጥር ሲጻፍበት ይህ የቀበሌ ሥልጣን አይደለም፣ ወልዲያ ሂድ ተባለ። ወልዲያ ላይ የሚፈርመው ሰው መስክ ወጥቷል፤ ከደጋው በረሃብ የሚወርደው ሕዝብ ሐራ ከተማን አጨናንቋት ስለነበር እውነትም ሥራ ነበረበት፤ ግን አንድ ፊርማ ስንት ጊዜ ይፈጃል? አንድ ደቂቃ? ዳምጠው ሃያ ቀን አለፈው። በየቢሮው በር ላይ ቆሞ ልጁ ስትተነፍስ የምታሰማው ድምፅ ጆሮው ውስጥ እየጮኸ፣ እሱ ግን «እሺ ጌታዬ» እያለ ይመለሳል። ማኅተሙ ያረፈው ግንቦት 3፣ ዓርብ ቀን ነው። አልታየች ወረቀቱን ተቀብላ ሳመችው።

ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ባህራም በእጁ የጻፈውን ደብዳቤ ለዳምጠው ሰጥቶት ነበር። ደሴ ሲደርሱ ናስሪን ታነበዋለች፤ ልጅቷን አሳድራ፣ መርፌዋን ወግታ፣ ደብዳቤውን ራሷ ለኩሩሽ ታሻግራለች። እንደ ወትሮው በቋንቋቸው የተጻፈ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አባትና ልጅ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ውርጌሳን አለፉ። ከዚያ ወዲያ ከነበሩት ኬላዎች በአንዱ ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ ተፈተሸ፤ የኬላውን ስም አልጠራም፤ መጥራቱ ለማንም አይጠቅምም። የይለፍ ወረቀቱ ሙሉ ነበር። ፖስታው ግን ተከፈተ። የኬላው ካድሬ ወርቁ የሚባል የግራና ከተማ ልጅ ነው፤ ከዚያ በፊት አስተማሪ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ፈሪ ሰው ነበር። ሰሞኑን የሽፍታ መልእክት በመንገድ ይዘዋወራልና ንቁ የሚል ጥብቅ ትእዛዝ ወርዶለታል። ወረቀቱን አገላብጦ አየው።

«ሐኪም የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ምንድን ነው?»

«የአገራቸው ቋንቋ ነው። ለአገራቸው ልጅ የጻፉት ነው።»

«ምን ይላል ታዲያ?»

ዳምጠው አያውቅም። ያን ሁሉ ደብዳቤ ሲያስረክብ አንድም ቀን ምን እንደሚል ጠይቆ አያውቅም።

ጽሕፈቱ ዐረብኛ ስለመሰለ ሼህ አብዱልጀሊል ከአቅራቢያው መስጊድ ተጠርተው መጡ። መነጽራቸውን አድርገው መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ ከላይ እስከ ታች ሄዱበትና ቆሙ። «ፊደሉ የኛው ፊደል ነው» አሉ፤ «ንግግሩ ግን ዐረብኛ አይደለም። ቀልብ የሚል አለበት፤ መሪድ የሚል አለበት። ልብና በሽተኛ ማለት ነው።» ወርቁ «የቀረውስ?» አላቸው። «የቀረውን አላውቀውም። ያላወቅሁትን ደግሞ፣ ወላሂ፣ አልናገርም።» አንዲት ውሸት ቢዋሹ ምን ነበረበት? ይህን ፊደል የሚያነቡ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ማን ያርማቸው ነበር? ግን ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ ፊደል ዋሽተው አያውቁም። ወርቁም ሁለት ቃል ብቻ የሚገባ ወረቀት ጭራሽ ከማይገባው ይበልጥ አስፈራው።

አውቶቡሱ ሄደ። ወደ ወልዲያ ስልክ ተደወለ፤ መስመሩ አልሠራም። እሑድ ቀን ሠራ፤ የሚወስን ሰው አልነበረም። ፋንቱ በኬላው ዕቃ ቤት ጆንያ ላይ ተቀምጣ ሁለት ቀን አደረች፤ ስትተኛ ስለሚያፍናት መተኛት አትችልም። ከንፈሯ እየጠቆረ ሄደ። ሰኞ ጠዋት ወርቁ ባዶ ወረቀት ይዞ መጣ። ዓይኑ እንቅልፍ ያየ አይመስልም፤ ልጅቷ እሱ ኬላ ላይ እንዳትሞትበትም ፈርቷል።

«ማን እንደሰጠህ፣ ለማን እንደሚደርስ ጻፍና ፈርም» አለው። «አንተ የምትጠየቅበት ነገር የለም። በመጀመሪያው መኪና አሳፍራችኋለሁ።»

ዳምጠው ሐኪሞቹ ምን ይሆናሉ ብሎ ጠየቀ። ተጠይቀው ይለቀቃሉ አለው ወርቁ። ዳምጠው አመነው… ማመን ስለፈለገ አመነው። ፋንቱ ግድግዳ ተደግፋ ከአጠገቡ ነበረች። ባህራም ብሎ ጻፈ፤ ናስሪን ብሎ ጻፈ፤ ኩሩሽ ብሎ ጻፈ። ፈረመም። የልጁን ነፍስ የያዙት ሦስት ሰዎች እነዚህ እንደሆኑ እያወቀ፣ እሷን ለማዳን እነሱን አሳልፎ ሰጠ። አንባቢ ሆይ፣ ከመፍረድህ በፊት ያቺ ልጅ ያንተ ናት እንበል፤ ምን ታደርግ ነበር?

ወርቁ ቃሉን ጠበቀ፤ በጭነት መኪና ጋቢና አሳፈራቸው። ለበሽተኛ እምቢ ያለው ስልክ ግን ለእስር ሠራ። ከሰዓት በኋላ ደሴ ሲደርሱ የናስሪን በር ታሽጎ አገኙት፤ ጎረቤቷ ምሳ ሰዓት ላይ እንደወሰዷት በሹክሹክታ ነገረቻቸው። ዳምጠው ለራሱ «ኩሩሽ አለ፣ ኩሩሽ አለ» እያለ ማክሰኞ ልጁን ደግፎ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ገባ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 8፣ በቀጠሮው ቀን ሆስፒታል ደረሱ። ዘነበች የምትባል ነርስ በፈገግታ ተቀበለቻቸው። አልጋው ተነጥፏል። ራስጌው ላይ «ፋንቱ ዳምጠው፣ ከመርሳ» የሚል ካርድ ተንጠልጥሏል። ሁሉም ነገር ነበር፤ ሐኪሙ ብቻ አልነበረም። ዘነበች ልጅቷን ካስተኛች በኋላ አባትየውን ኮሪደር ላይ አወጣችውና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ትናንት ወሰዷቸው። ወሎ ላይ በተያዘ ደብዳቤ ነው አሉ» አለችው።

ያን ቀዶ ሕክምና የሚደፍር ሌላ ሰው አልተገኘም። ፋንቱ በተያዘላት አልጋ ላይ፣ ስሟ በተጻፈበት ካርድ ሥር አሥራ አንድ ቀን ቆየች፤ እሑድ ጠዋት አረፈች። አስከሬኗን መርሳ ማድረስ አልተቻለም፤ ነርሶቹና የአስታማሚ ዘመዶች አብረውት ቀበሯት።

ዳምጠው ከአውቶቡስ ሲወርድ አልታየች ማንጎዋን ደርድራ ተቀምጣ ነበር። ተነሳች። እሱን አላየችውም፤ ከኋላው የምትወርደውን ነው ያየችው። ሰው ሁሉ ወረደ፣ በሩ ተዘጋ፣ አውቶቡሱ ሄደ፤ እሷ አሁንም ቆማ ትጠብቃለች…

ዳምጠው ሐኪሞቹ መታሰራቸውን ለሚስቱ ነገራት፤ ፊርማውን አልነገራትም። አልታየች በለቀስተኛ ፊት ፀጉሯን ፈትታ «ሐኪሞቹን የጠቆመ ሰው ቤቱ እንደ ቤቴ ባዶ ይሁን» ስትል ሰው ሁሉ አሜን አለ። እሱም አሜን አለ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ተገኝቶ ደብዳቤው ተተረጎመ። የሕመም ወሬ ነው። ሐኪሞቹ ተለቀቁ፤ ግን ባህራም ወደ ጋምቤላ፣ ናስሪን ወደ ነገሌ፣ ኩሩሽ ወደ ጎሬ እንዲዛወሩ ተወሰነ፤ ደብዳቤ እንዳይጻጻፉም በጽሑፍ አስፈረሟቸው። ይቅርታ የጠየቃቸው የለም። ከመበተናቸው በፊት ሦስቱም በአንድ መኪና መርሳ ወረዱ፤ ለቅሶ ሊደርሱ ነው።

ሰሌን ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አልታየች የባህራምን ጉልበት ይዛ አለቀሰች፤ እነሱንም ልጇንም የበላውን ሰው መልሳ ረገመችው። ባህራም ራሱን አቀረቀረ። ወደ ዳምጠው አላየም፤ አለማየቱ ግን ከማየት የባሰ ሆነ። ዳምጠው ሰውዬው እንደሚያውቅ ገባው።

«እኔ ነኝ» አለ ዳምጠው ቆሞ። «የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ባህራም ቀስ ብሎ «አውቃለሁ። ሲጠይቁኝ ፊርማህን አሳዩኝ» አለው። ከዚያም በተሰባበረ አማርኛው ቀጠለ። «እንግሊዝኛ መጻፍ እችል ነበር። አንድ ገጽ ፋንቱ ነው፤ ሌላው ገጽ እናቴ ነው። ናስሪን እናቴን ያውቃል። ናፍቆኝ ጻፍኩ።» ናስሪን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ዳምጠው ሰው እንዲሰድበው ፈልጎ ነበር። ቢረግሙት፣ ቢመቱት ይቀለው ነበር። አልታየች ግን አልጮኸችም። ወደ ባሏ ዞረች።

«ስትፈርም ልጄ አጠገብህ ነበረች?»

«ነበረች።»

«ምን አለችህ?»

ይህን ለማንም አልተናገረውም ነበር። «‹አባዬ፣ ተው። እነሱን አትስጥብኝ። እናቴ ጋ መልሰኝና ቤቴ ልሁን› አለችኝ» አላት። «ዝም በይ ብዬ ተቆጣኋት።»

አልታየች ያን ጊዜ ነው ልጇ እንደ ሞተችባት እናት ያለቀሰችው፤ እስከዚያ ያለቀሰችው ለካ ለራሷ ነበር። ልጅቷ ተመልሳ ልትመጣላት ፈልጋ ነበር! ቢታዘዛት ኖሮ ትሞት ነበር፤ ግን በእናቷ እቅፍ…

ታሪኩን የሚያውቁ ሰዎች ዕድሏ ነው ይላሉ። ዕድል ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። ስንት ሰው እጁ እንዳለበት ቆጥሬዋለሁ፤ ግን አንዱን ይዤ ልቆጣው ስል እሱም ያሳዝነኛል፤ ንዴቴ ማረፊያ ያጣል። ምናልባት ሰው ዕድል የሚለው ይህንን ይሆናል። ዳምጠውና አልታየች ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት አብረው ኖሩ። በመጨረሻ ሲታመም አስታመመችው፤ ጎኑን እያገላበጠች፣ ምግቡን እያጎረሰች። ይቅር በይኝ ብሎ አልጠየቃትም፤ ይቅር ብዬሃለሁም አላለችውም።